አፍንጫውን የጠረገችለት አባት

ልዕልት ዝቬኒስላቫ ዳግመኛ ጓዝ ላትጠቀልል ምላ ነበር። ካገባች ጀምሮ አንድ ልዑል በሞተ ቁጥር የጥንቱ የሩስ አገር መሳፍንት ሁሉ መሰላል እንደሚወጣ ሰው አንድ አንድ ከተማ ወደ ላይ ፈቀቅ ይላሉ። እሷም ድስቷንና ልጆቿን በበረዶ ጋሪ ጭና ትከተላለች። የተከለችውን ፖም የሚበላው ሁልጊዜ ከኋላዋ የሚመጣው ዘመድ ነው። እንዲህ ያለ አገር።

አሁን ግን ከመሰላሉ ጫፍ፣ ኪየቭ ላይ የተቀመጠው ታላቅ ልዑል ሲሞት፣ እንሂድ ብላ የቸኮለችው እሷው ሆነች። የባሏ የሚሮስላቭ ሳል ደም ቀላቅሏል። በእነሱ ሥርዓት ደግሞ ኪየቭ ላይ ሳይቀመጥ የሞተ ሰው ልጆች ከመሰላሉ ይወርዳሉ፤ እነሱም ልጆቻቸውም ከእንግዲህ ተራ የላቸውም። እሷ ደግሞ ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት።

ተራው ደግሞ የሚሮስላቭ አልነበረም። ወንበሩ መጀመሪያ ለአጎት ነው። አጎትየው ቮሎዳር የሚሮስላቭ አባት የመጨረሻ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ገና ጢም በቅጡ ያላበቀለ፣ እናቱ ስትሞትበት ዝቬኒስላቫ ከልጆቿ ጋር ያሳደገችው ልጅ ነው። ወደ ኪየቭ ሲያልፍ ቤታቸው ጎራ አለ። ሚሮስላቭ ግድግዳ ተደግፎ ተነሣና አጎቱን እንደ አባት እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ ከላይ ይቀመጡ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ትኩሳት ምን ያስነሣሃል?» አለች።

«አባቴ ቆመው እንዴት ልተኛ?»

«የቱ አባትህ? ይሄ አልጋዬን ሲያረጥብብኝ የኖረው?»

ቮሎዳር እስከ ጆሮው ቀላ። «እማዬ፣ እሱን እንኳ ተይው።»

የጎመን ሾርባና ጥቁር ዳቦ አቀረበችለት፤ እስኪጠግብም ጠበቀችው። የራበው ሰው እሺ እንደማይል ታውቃለች።

«ልጄ፣ ሚሮስላቭ ይቅደምህ። አንተ ወጣት ነህ፣ ይደርስሃል። እሱን ግን... እየው እስቲ።»

ቮሎዳር ማንኪያውን አስቀመጠ። «ልጆችሽ ወንድሞቼ ናቸው። ይቅደመኝ፤ እኔ እሺ ብያለሁ።»

ዝቬኒስላቫ እፎይ ልትል ስትል ከወዲያ በኩል፣ «አይሆንም» የሚል ድምፅ መጣ። ባሏ ነው።

«መስቀል ተሳልሜ ምያለሁ። አጎት እያለ የወንድም ልጅ አይቀመጥም። ታላቄን አልቀድምም።»

«ታላቅህ? ልጅህ ይሆናል እኮ!»

«ዕድሜ ሌላ፣ ትውልድ ሌላ።»

ሰጪው እሺ ሲል ተቀባዩ እምቢ! ለመነችው፣ ቮሎዳርም ለመነው፤ እሱ ጣራ ጣራውን ያያል። ድስቱን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው። ከዚያ ድንገት ቆም አለች።

«ስትምል ሌላስ ምን ብለህ ነበር?»

«ታላቄን እንደ አባቴ ልታዘዝ።»

ወደ ቮሎዳር ዞረች። «እዘዘው።»

«እኔ? እንዴት ብዬ?»

«ፈረስ ሲያስተምርህ እንዴት ነበር የሚያዝህ? እንደዚያው።»

ጎረምሳው ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ ሚሮስላቭ፣ ኪየቭ ሂድና ተቀመጥ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ቆብህን እንዳትረሳ።»

ሚሮስላቭ ቆቡን ከራስጌው አነሣ። «እርስዎ ካሉ...» አለ፣ እንደ ተቆጡት ልጅ።

መንገዱን ሙሉ አላረፈም። «ከልባቸው ነው ግን ያዘዙኝ?» ይላታል። «ተሸፈን» ትለዋለች። ደግሞ ጥቂት እንደሄዱ፣ «ቅር ብሏቸው ቢሆንስ?» «ተሸፈን አልኩህ።»

እንደምንም ደረሱ። ደወሉ ተደወለ፣ ጳጳሱ ባረኩ፣ ሚሮስላቭ ተቀመጠ። ልጆቿ ከመሰላሉ አልወረዱም። ምሰሶ ተደግፋ ዓይኗን ስትጨፍን ባሏ በእጁ ጠቀሳት፤ ሄዳ ጆሮዋን ሰጠችው።

«ይኸው ተቀመጥኩ አይደል? እንግዲህ ይላክባቸውና ለአባቴ ልልቀቅላቸው?»

«ሚሮስላቭ፣» አለችው፣ ጳጳሱ እየሰሙ፣ «ተቀመጥ።»

የዚያን ዓመት ፖሟን የበላው እሷ ቤት የቀረው ቮሎዳር ነው። ይብላ፤ ያሳደገችው ልጅ አይደል።