ጠብቆ ያልተነበበው ቃል

ልባም አንባቢ ሆይ፥ ኀይል የተሰጠው ሰው ሁሉ ጥበብም አብሮ የተሰጠው ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ኀይል ለክንድ፥ ጥበብ ለጆሮ የተከፈለ ርስት ነውና፥ ክንዱ የፈረጠመ ንጉሥ ብዙ ጊዜ ጆሮው ሲደነቍር ይታያል። በቀድሞ ዘመን ነገሥታት በጦርና በጋሻ ሲጋደሉ የሚሞተው የተሰለፈው ነበረ፤ ሊቃውንት ለዐይን ከማይታይ ኢምንት ቅንጣት አገር የሚያነድ እሳት ማውጣት ከቻሉ ወዲህ ግን፥ በአንድ ቃል ስሕተት ገና ያልተወለደውም ይሞታል። ይህን የምለው ሰው ለማስፈራራት አይደለም፤ እኔው ራሴ ፈርቼ ነው።

በምድረ ሰሎቅ ደመና ሰገድ የሚባል፥ ባለግርማና ባለሞገስ፥ የቅንጣቱን እሳት በተወንጫፊ ዐረሮች አምቆ ያኖረ ንጉሥ ነበረ። ይህም ንጉሥ፥ ጎረቤቱ የገዋን ንግሥት ወለተ ሣህል በተራራ ሆድ ውስጥ እቶን ሠርታ ያንኑ እሳት ለማውጣት መጀመሯን በሰማ ጊዜ፥ “ወይ እቶንሽን አብርጂ፥ ወይ ተራራሽን ዐመድ አደርገዋለሁ” የሚል መልእክት በጸሐፌ ትእዛዙ በእንቍ ሥላሴ እጅ ሰደደ። እንቍ ሥላሴ ቀለም የጠገበ፥ ቅኔ የዘለቀ ሽማግሌ ነበረ፤ አንዲት ልጁ አመተ ልዑል ለገዋን ሰው ተድራ በዚያው ተራራ ግርጌ ትኖር ነበርና፥ መንገዱን ሁሉ ስለ እርሷ እየጸለየ ሄደ።

ንግሥቲቱም ሰባት ቀን ከመከረች በኋላ ለብቻው አስጠርታ፥ “እቶኑን አበርዳለሁ፤ ሰዎቻችሁም መጥተው ይዩ። ነገር ግን ይህን በጽሑፍ ባሰፍረው የራሴ የጦር አለቆች ውለው ሳያድሩ ይሽሩኛል፤ ደብዳቤዬ አጭር ይሁን፥ የቀረውን አንተ በአፍህ ተናገርልኝ” አለችው። በደብዳቤውም ከሰላምታው በታች አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ አጻፈች፦ “በእሳት የተማመነ በእሳት ይመታል።” እንቍ ሥላሴም በደስታ ወደ ልጁ ቤት ገሠገሠ። እርሷም “አባባ፥ እንሽሽ ወይስ እንቀመጥ?” ብትለው፥ “ኧረ ተቀመጪ ልጄ፥ ነገሩ አልቋል” ብሎ ስሟት ተመለሰ።

በሰሎቅ ሥርዐት ግን የባላጋራ ደብዳቤ በጦር አበጋዙ አንደበት ሳይነበብ መልእክተኛ አይናገርም ነበር። አበጋዙ ራስ ድፋባቸው ደግሞ ዘወትር ጦር ጦር የሚል ሰው ነበር፤ በፊደላችን ላይ መጥበቅና መላላት አይታይምና፥ “ይመታል” የሚለውን ቃል አላልቶ፥ በእሳታችን እንመታችኋለን ማለቷ ነው እያለ በጉባኤው ፊት አንበለበለው። ጉባኤውም እንደ ተነካ ንብ ተነሣ።

“ጃንሆይ፥” አለ እንቍ ሥላሴ መሬት ስሞ፥ “ቃሉ ጠብቆ ነው የሚነበበው። በእሳት የተማመነ ራሱን እሳት ያገኘዋል ማለቷ ነው እንጂ ዛቻ አይደለም። እቶኑን እንደምታበርድ በአፏ ነግራኛለች።”

“ልጅህ ወዴት ናት?” አለ ንጉሡ።

“በተራራው ግርጌ ናት፥ ጃንሆይ።”

“እንግዲያስ የሚናገረው አባት እንጂ መልእክተኛ አይደለም።”

“ከጠረጠሩኝ በሰንሰለት ይሰሩኝ፤ ብቻ ሌላ ሰው ይላኩና ከአፏ ይስማ። ሦስት ቀን ቢሰጡኝ ይበቃኛል።”

“ሦስት ቀን ለጠላት ዘመን ነው” አለ ራስ ድፋባቸው፤ ንጉሡም ምክሩን ተቀበለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዐረሩ ተወነጨፈ። ተራራው ተሰነጠቀ፤ የተሸሸገው እቶን ተከፍቶ በውስጡ የነበረውን ሞት ሁሉ በንግሥቲቱና በአገሯ ላይ ዘረገፈው፤ አመተ ልዑልም የአባቷን ቃል አምና በቤቷ እንደ ተቀመጠች ቀረች። በሦስተኛውም ቀን ነፋሱ ዞሮ ዐመዱን ወደ ሰሎቅ አመጣው፤ ከወንዙ የጠጣ ከብት በቆመበት ይወድቅ፥ የመኳንንቱም የገበሬውም ጠጕር ያለ ልዩነት ይረግፍ ጀመር። ንጉሡ ግን ድል አድርጌአለሁ ብሎ እንቍ ሥላሴን አስጠራና፥ “ንግሥቲቱ የምትገብርልኝን ውል ጻፍ፤ እቶኑን ማብረዷንም ትፈርምልኝ” ሲል አዘዘው። ሽማግሌውም ብራናውን ዘረጋ፥ ብዕሩንም ነከረ፤ እንባው ቀለሙን እያጠበው፥ “ጃንሆይ፥ ለማን ብዬ ልጻፈው?” አለ። ጦር ባላጋራን ዝም ያሰኛል እንጂ፥ እሺ አያሰኝም።