ገመድ ያዧ

አደጋ የደረሰባቸው ልጆች ዓለት መውጣት በሚሰለጥኑበት ቋጥኝ ሥር አሰልጣኙ አጥብቆ የሚያስከብረው ሕግ አንድ ነበር፤ ከታች ገመድ የያዘው ሰው ጮክ ብሎ «ይዤሃለሁ» ካላለ በቀር ማንም እግሩን ከመሬት አያነሳም። ክፉ ቀን ያየ ልጅ ሰውን መልሶ ማመን የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው ባይ ነው።

ከሰልጣኞቹ አንዷን፣ ጭምቷን ልጅ ግን ቃሉ ከአፏ አልወጣ ብሏታል። ዓለቱን እንደ ጦጣ ትወጣዋለች፤ ገመድ ያዢ ሲሏት ከንፈሯ ይደርቃል። ታናሽ ወንድሟን ጎርፍ ከእጇ ነጥቆ እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል። እናቷም ጎረቤቱም ጉልበቷ አልቆ እንጂ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ እየነገሩ አጽናንተዋታል። ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች።

በስልጠናው መዝጊያ ዕለት ሌላው ሰልጣኝ፣ ቀውላላው ልጅ፣ መታጠቂያውን አጥብቆ ፊቷ ተገተረ። እሱም ቤቱ ከነወላጆቹ የተቃጠለበት ልጅ ነው። ገመዱን ከእሷ በቀር ለማንም እንደማይሰጥ ለአሰልጣኙ አስቀድሞ ነግሮታል።

«ካልያዝሽኝ እዚሁ እንደ ስልክ እንጨት ቆሜ እመሻለሁ» አላት። «ወፍ ቢያርፍብኝ በአንቺ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። ገመዱን በመያዣው ብረት አሳልፋ ጨበጠች።

«ይዤሃለሁ።»

«አልሰማሁም።»

ደገመችው። ድምጿ ቋጥኙን መትቶ ተመለሰ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ እግሩ ከዳው። ገመዱ ተወጠረ፤ ወደ ፊት ጎተታት፤ እሷ ግን ተረከዟን ተክላ ያዘችው። ከዚያ ቀስ እያደረገች አወረደችውና ገመዱን እንደጨበጠች መሬት ላይ ተቀመጠች።

አሰልጣኙ ፊቱ በርቶ አጠገቧ በርከክ አለ። «አየሽ ልጄ? እጅሽ አይለቅም።»

«ያኔም አልለቀቀም ጋሼ።»

ገመዱን እያየች ቀጠለች።

«ወንድሜን አጥብቄ ይዤው ነበር። የተንጠለጠልኩበት ቅርንጫፍ መሰንጠቅ ሲጀምር አየ። ‹እትዬ፣ አንቺ ውጪ› አለኝና በሌላው እጁ ጣቶቼን ፈለቀቃቸው። ለእናቴ አልነገርኳትም። ይህን ከምትሰማ፣ ደክሞኝ የለቀቅሁት ይምሰላት።»

አሰልጣኙ ገመዱን ሊቀበላት እጁን ሰደደ፤ የገረጡ ጣቶቿን ሲያይ ሳይነካቸው መልሶ ሰበሰበው።

ቀውላላው ወገቡ ላይ ያለውን ቋጠሮ መፍታት ጀምሮ ነበር፤ ተወው። እንደታሰረ መጥቶ አጠገቧ አቧራው ላይ ተቀመጠ። ራሷ ገመዱን እስክትለቀው ድረስም አልተነሳም።