ሁለት መቶ ተቃራኒዎች

«አንድ ቃል ከነተቃራኒው ያጠና ሰው ሁለት ቃል አወቀ ማለት ነው» ይሉ ነበር የሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ። ሒሳቡ ስህተት የለውም። ሁለት መቶ ጥንድ የእንግሊዝኛ ቃላት አሳትመው ለሠራተኛው አደሉ። ጠዋት ጠዋት እንግዳ መቀበያው ፊት አሰልፈውን አንዱን ይጠራሉ፣ እኛ ሌላውን በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ወጥ ቤት ውስጥ ስማቸው «አቶ ተቃራኒ» ሆኖ ቀረ።

የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ ቦታው በዚሁ ወረቀት ፈተና አንደኛ ለሚወጣ እንደሚሰጥ ተነገረ። እኔ ከመቀበያው ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ ስልክ ማዞሪያው ላይ ተቀምጬ አሥራ አንድ ዓመት ከእንግዶች ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋግሬያለሁ። ቦታውን እፈልገው ነበር። የቀን ብርሃን ማየት፣ ሰው ፊት ለፊት ማነጋገር አማረኝ። ሌሎቹ ነገሩ ገብቷቸው ከውድድሩ ወጡ። የቀረነው እኔና የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም ነን። እሱ ወረቀቱን እንደ ውሃ ጠጥቶታል።

«ኦልድ» አሉኝ በፈተናው ቀን።

«ለሰው ነው ለዕቃ?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ!»

«ለሰው ከሆነ ያንግ፣ ለዕቃ ከሆነ ኒው።»

«ወረቀቱ ኒው ነው የሚለው። ለአንድ ቃል አንድ ተቃራኒ!»

«እንግዲያው የአሮጊት ተቃራኒ አዲስ ሴትዮ ልትባል ነው።»

ፈተናውን ሊያይ የወጣው የወጥ ቤት ሠራተኛ በሳቅ አውካካ። ኤክስ ተደረገብኝ።

«ሜሪድ።»

ወረቀቱ ሲንግል ይላል።

«ይለፈኝ» አልኩ።

«ምነው እህቴ፣ ይህን የማያውቅ አለ?»

«ባሏ ለሞተባት የሚሆነው ወረቀቱ ላይ የለም።»

ሁለተኛ ኤክስ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ቀጥሉ አልኳቸው።

አማቻቸው ሁለት መቶውን ሳይተነፍስ ጨረሰ። «አይዞዎት እትዬ» አለኝ ክራቫቱን እያጠበቀ፣ «ከስልኩ የሚያፈናቅልዎት የለም።»

በሳምንቱ አንዲት የውጭ አገር ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ለሠላሳ ሰዎች ስብሰባ ሆቴል እየመረጠች ነው። የክፍሌ በር ክፍት ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ።

«ክፍሎቹ ክሊን ናቸው?» ስትል ጠየቀች በእንግሊዝኛ።

«ደርቲ!» አለ ቦታውን የተረከበው አማቻችን፣ ደረቱን ነፍቶ።

ደብተር አውጥታ ጻፈች። «ሰፈሩስ ሴፍ ነው?»

«ዴንጀረስ!»

ወር ሙሉ በሰልፍ የሠለጠነ አፍ ሌላ ምን ይላል?

«ዋጋውስ፣ ቺፕ ነው?»

«ኤክስፔንሲቭ!»

ይህን ሲል ፈገግታው ከጆሮው እስከ ጆሮው ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ ደብተሯን ዘጋች።

ሥራ አስኪያጁ እያለከለኩ ክፍሌ ገቡ። «እህቴ፣ በሞቴ፣ ውጪና አነጋግሪልኝ!»

«እኔ እኮ የስልክ ሠራተኛ ነኝ ጌታዬ።»

«አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

«አልቀለድኩም። የሹመት ደብዳቤዬን ይስጡኝ።»

«ነገ ይጻፋል።»

«ነገ እሷ ሌላ ሆቴል ናት።»

የሻንጣዋ ጎማ ወደ በሩ ሲንከባለል ይሰማል። አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው ሁለት መስመር ጻፉና ፈረሙ።

«ማኅተም» አልኳቸው።

ከኪሳቸው አውጥተው ሲመቱት ስልኮቹ ዘለሉ። ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ።

ሴትዮዋን በሩ ላይ ደረስኩባት። ይቅርታ ጠየቅኋት። የሁለተኛው ፎቅ መጋረጃዎች ያረጁ መሆናቸውን፣ ክፍሎቹ ግን ንጹሕ መሆናቸውን፣ ሰፈሩም ሰላም መሆኑን ነገርኳት። ትንሽ አየችኝ፣ ሻንጣዋን አቆመች፣ መጋረጃዎቹን አሳዪኝ አለችኝ።

ደረጃውን ስንጀምር ከኋላዬ አለቃዬ አማቻቸውን በሹክሹክታ ጠየቁት፦ «ምንድን ነው ያለቻት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ።