ረድኤት ይቅርታ የጠየቀችበት ክፍል

1.

«ይህችን ሴት አናውቃትም።»

ዐረፍተ ነገሩ የተጻፈው «ብሎክ አርባ ሁለት» የተባለው ተከታታይ ድራማ፣ የሦስተኛ ምዕራፉ አራተኛ ክፍል ተላልፎ ባለቀ በስድስተኛው ደቂቃ፣ በተመልካቾቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። ድራማው ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው በአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ተዳብለው ስለሚኖሩ አራት ወጣቶች፣ ስለ ረድኤት፣ ስለ ናቲና ስለ ሁለት ጓደኞቻቸው፣ ይተርካል፤ ግማሹ ያስቃል፣ ግማሹ ያስለቅሳል። በዚያ እሑድ የሳቀ አልነበረም። የተባለውን እንደ አመጣጡ አሰፍራለሁ፤ ያረምኩት የፊደል ግድፈቱን ብቻ ነው።

— ረድኤት ናት ወይስ መንታ እህት አላት?

— ናቲ ንድፏን ሰርቆ ሥራ ተቀጠረበት። አሁን እሷ ናት ይቅርታ ጠያቂዋ? ለምኑ?

— ሁለት ምዕራፍ ሙሉ አብረናት ኖረን በአንድ እሑድ ገደሏት።

— እናቴ ሪሞቱን ወርውራ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴ እኮ ናቲን ትወደው ነበር።

— ይህን የጻፈ ሰው እህት የለውም።

— ብትሞት ይሻለን ነበር። ለቅሶ እንቀመጥ ነበር።

— ስም አምጡ።

2.

ስም አመጡ።

በየክፍሉ መጨረሻ የሠራተኞች ስም በፍጥነት ያልፋል። አንድ ተመልካች ምስሉን አስቁሞ ፎቶ አነሳው። የደራሲው የኢዮስያስ ስም ከሁሉ በላይ ስለሚጻፍ፣ ያን ጊዜ ከስክሪኑ አልፎ ሄዷል። በፎቶው መሃል የቀረው የሚከተለው ነበር፦

ኮንቲኒዩቲ፦ ትርሲት አበጋዝ

ትርሲት እኔ ነኝ።

ከቡድኑ አባላት አንዱ፣ ኮንቲኒዩቲ ማለት ገጸ ባሕርያት ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እንደ ነበሩ እንዲቀጥሉ የሚቆጣጠር ሰው ነው ሲል በሙሉ ልብ አብራራ። ረድኤት እንደ ነበረች ስላልቀጠለች፣ ጥፋተኛዋ ተገኘች። የምረቃ ፎቶዬን ፈልገው አወጡ። ሴት ሆና በሴት ላይ እንዲህ ትጨክናለች ወይ ተባለ። አንዲት ሴት የአክስቴን ልጅ ስልክ ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ ደውላ ሰደበቻት። የአክስቴ ልጅ ድራማውን አይታው አታውቅም።

ማብራሪያውን ለማረም ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።¹

¹ ኮንቲኒዩቲ በገጸ ባሕርይ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ሥራው ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ በሁለት ቀረጻዎች መካከል ከፍም ዝቅም እንዳይል መጠበቅ ነው።

3.

ከእኔ በኋላ ይህን ሥራ ለምትይዢው።

ደብተር ይኑርሽ። ቀረጻ በቆመ ቁጥር ፎቶ አንሺ። ሻርፑ በየትኛው ትከሻ ላይ እንዳረፈ ጻፊ። ትዕይንቶች በቅደም ተከተላቸው አይቀረጹም፤ ጠዋት የመለያየቱ፣ ከምሳ በኋላ የመተዋወቁ ሊሆን ይችላል። ተዋናይዋ ትረሳለች። ዳይሬክተሩ ይረሳል። አንቺ አትርሺ። የተጠራጠረ ሁሉ ወደ አንቺ ይመጣል፤ ደብተሩን ታነቢለታለሽ፤ ክርክሩ በዚያ ያበቃል። ስለዚህ ያላየሽውን አትጻፊ።

አትጻፊ።

(እኔ በስድስተኛው ቁጥር ላይ ጽፌያለሁ። አንባቢ ቀድሞ ቢያውቀው እመርጣለሁ።)

4.

ከደብተሩ፣ ገጽ አንድ።

ገጸ ባሕርይ፦ ረድኤት
ዕድሜ፦ ሃያ አምስት
ሙያ፦ አርክቴክት
የእጅ ሰዓት፦ በቀኝ
ስትቆጣ፦ ድምፅዋ ይቀንሳል
ስትዋሽ፦ መነጽሯን ታወልቃለች (በሁለት ምዕራፍ ሰባት ጊዜ)
ላላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ መጠየቅ፦ የለም

5.

ረድኤትን የጻፍኳት እኔ ነኝ።

የቴአትር ትምህርት ክፍል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ዐሥራ ሁለት ትዕይንት፣ በእጅ ጽሑፍ። እንዲያነብልኝ ለክፍል ጓደኛዬ ለኢዮስያስ ሰጠሁት። ከስምንት ወር በኋላ «ብሎክ አርባ ሁለት» የሚል ድራማ ለአንድ ፕሮዲውሰር አቀረበ። መተላለፊያው ላይ አስቁሜ ጠየቅሁት። አልካደም። ያለ እኔ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር አለኝ። ቀጥሎም ለረድኤት የሚሳሳላት ሰው ያስፈልጋል ብሎ ሥራ ሰጠኝ።

ለምን ተቀበልሽ ትሉኛላችሁ። ልጇ ሰው ቤት የምታድግባት ሴት፣ በዚያው ቤት የሞግዚትነት ሥራ ብታገኝ እምቢ ትላለች?

በሁለተኛው ምዕራፍ ናቲ የረድኤትን ንድፍ ሰረቀ፤ እሷም ከቤት አስወጣችው። ይህን የጻፈው ኢዮስያስ ራሱ ነው። ትዕይንቱ ሲቀረጽ ከካሜራው ጀርባ ቆሜ፣ ሰውየው ፊት ለፊት ሊናገረው ያልደፈረውን በዚህ መንገድ እየነገረኝ ነው ብዬ አመንኩ። የቀረ አንድ ነገር ነበር፦ ናቲ ንድፉ የማን እንደሆነ በአፉ እንዲናገር። አንድ ዓመት ጠበቅሁ።

የሦስተኛው ምዕራፍ ጽሑፍ ሲደርሰኝ ተናጋሪዋ ረድኤት ነበረች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ናቲ። ያለ አንተ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። የሰረቅኸኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያወጣኸኝ አንተ ነህ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አስቦበታል። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ እንድሆን ወስኗል። እኔ ስለማልጠይቀው በእሷ አፍ አስጠየቀኝ። በቀረጻው ዕለት ሻርፕዋ በትክክለኛው ትከሻ ላይ መዋሉን ያረጋገጥኩትም እኔ ነኝ።

6.

ስድቡ በጀመረ በአራተኛው ቀን የድራማው ኤዲተር ሱራፌል ደወለልኝ። አምስተኛውን ክፍል እየቆረጠ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ረድኤት ለቤት ጓደኞቿ «ለናቲ ያልኩት ሁሉ ከልቤ ነው» የምትልበት አጭር ትዕይንት አለ። ሦስት ጊዜ ተቀርጿል። በሦስተኛው፣ መብራቱ መነጽሯ ላይ እያንጸባረቀ ስላስቸገረ፣ ለሙከራ ያህል አውልቃው ነበር።

ሱራፌል፦ የቱን ልውሰድ?

እኔ፦ ሦስተኛውን።

ሱራፌል፦ በሩን ከፍታ ስትገባ መነጽሯን አድርጋው የለም እንዴ?

እኔ፦ ደብተሩ እኔ ጋ ነው፣ ሱራፌል።

ሱራፌል፦ እሺ በቃ። አንቺ ካልሽ አልቋል።

ስልኩን ዘጋሁ። «መነጽር፦ አድርጋለች» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ከላዩ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ እንደ ሌላው ቀን ንጹሕ ነበር።

ዋሸሁ።

7.

የተከተለው እሑድ።

— መነጽሯ የት ሄደ? በር ላይ አድርጋው ነበር። ጭራሽ ይህንንም አቃታቸው?

— ትርሲት አበጋዝ አሁንም ተኝታለች።

— ቆይ።

— ምን ቆይ?

— ቆዩ አልኩ እኮ።

ቆዩ ያለችው ሐዋሳ የምትኖር የፋርማሲ ባለሙያ ናት። ሁለቱን ምዕራፎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልሳ አየቻቸው። ማክሰኞ ዕለት ሰባት አጫጭር ቪዲዮዎችን አከታትላ ለጠፈች። ረድኤት ለአከራይዋ ስትዋሽ፤ መነጽር የለም። ለእናቷ በስልክ ስትዋሽ፤ መነጽር የለም። ሰባቱም እንደዚያው። ስምንተኛ አድርጋ «ከልቤ ነው» ያለችበትን ጨመረች። ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈች፦ ይቅርታውም ውሸት ነበር።

— አልሞተችም።

— ልታጠፋው ነው የተመለሰችው። ከውስጥ ሆና።

— ናቲ፣ ወንድሜ፣ ኑዛዜህን ጻፍ።

— እናቴን ከጓዳ ጠራኋት። ስምንቱንም አይታ «ጎሽ» ብላ ሄደች።

እኔን ይቅርታ የጠየቀ ሰው የለም። ይህንንም መዝግቤዋለሁ።

8.

ከስድስተኛው ክፍል ጀምሮ ረድኤት ናቲን ባቀፈችው ቁጥር መነጽሯ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ዳይሬክተሩ ደብተሩን ስለሚያምን ጠይቆኝ አያውቅም። የጠየቀችኝ ረድኤትን የምትጫወተው ህሊና ናት። በሰሞኑ የደረሰባትን አስቀድማ አጫውታኝ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ካጠገቧ ተነስተው፣ አሳፈርሽን ብለዋት፣ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወደ ቀረጻ ልትገባ ስትል መነጽሩን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም።

«ትርሲትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ነገር ከደብተሩ ነው ካንቺ?»

«ከረድኤት ነው።»

መነጽሩን አጥፋ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ያን ዕለት ናቲን አቅፋ በትከሻው በኩል ፈገግ ስትል፣ ድምፅ የሚቀዳው ሰው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አያት። ስለ ፈገግታው በደብተሩ ላይ አንድም ቃል አልጻፍኩም፤ በእኔ ዓምዶች ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

9.

ኢዮስያስ አላስተዋለም። ለሦስት ሳምንት አላስተዋለም። ስትዋሽ መነጽሯን እንደምታወልቅ በመጀመሪያው ጽሑፌ በቅንፍ ውስጥ ሰፍሮ ነበር፤ ሲገለብጥ ቅንፎቹንም ሳያነብ ገልብጧል። ከሰባቱ ውሸቶች አምስቱ ከዐሥራ ሁለቱ ትዕይንቶቼ የመጡ ናቸው። ይህንን ለእሱ የነገረችው የፋርማሲ ባለሙያዋ ናት፤ እሱም እንደማንኛውም ሰው በቴሌግራም አነበበው።

ዐርብ ዕለት በሬዲዮ ቀረበ።

ጠያቂ፦ መነጽሩን መቼ ነው ያሰብክበት?

ኢዮስያስ፦ (እየሳቀ) ከመጀመሪያው ቀን። ተመልካቹን አስቀድሜ ማስከፋት ነበረብኝ።

ጠያቂ፦ ያን ሁሉ ስድብ እንዴት ቻልከው?²

ኢዮስያስ፦ ደራሲ ይታገሣል።

² የተሰደበው ሌላ ሰው ነው።

10.

ሁለተኛ ጊዜ።

11.

[በዚህ ቁጥር ሥር አንድ ገጽ ተጽፎ ነበር። ካነበብኩት በኋላ አወጣሁት። ስድብ ነበረበት፤ ስድቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ያነሰ ነበር።]

12.

ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ልብስ የሚቀመጥበት ክፍል ድረስ መጣ። ሳንድዊች ይዟል። የልብስ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፤ ደህና ነኝ አልኩት። ስለ ደብተሬ ጥራት አመሰገነኝ። የመጨረሻው ክፍል ሐሙስ ይቀረጻል፣ ፕሮዲውሰሩ ጽሑፉን ይጠብቃል፣ ተመልካቹ ቀን ይቆጥራል። ይህን ሁሉ እኔም አውቀው ነበር። ሳንድዊቹን አንድ ጊዜ ገመጠ።

«ትሩ፣» አለ። ከአራተኛ ዓመት ወዲህ በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። «ምን ልታደርገው ነው?»

«ማን ማንን?»

«ረድኤት ናቲን።»

«ከመጀመሪያው ቀን አስቤበታለሁ ብለህ የለም እንዴ?»

«አትቀልጂ እንግዲህ።» ወረቀቱን በሳንድዊቹ ላይ መልሶ ጠቀለለው። «እሷን እኮ የምታውቂያት አንቺ ነሽ።»

ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር። በሌላ ቦታ፣ በሌላ ድምፅ ይመጣል ብዬ ነበር።

እጽፍልሃለሁ አልኩት። በሁለት ሁኔታ። የጻፍኩት ሳይነካ ይቀረጻል፤ አንተም በቀረጻው ላይ ትገኛለህ። እሺ አለ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ነው እሺ ያለው። ይህ ሰው በእኔ እጅ የተጻፈ ነገር ሲቀበል አስቀድሞ አያነብም።

13.

አሁን ሐሙስ ነው፤ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ተኩል። ይህንን የምጽፈው በቀረጻ ቦታው ነው።

ጽሑፉን ጠዋት ለሁሉም በአንድ ጊዜ አደልኩ፤ ለዳይሬክተሩ፣ ለተዋንያኑ፣ ለፕሮዲውሰሩ፣ በመጨረሻም ለኢዮስያስ። ናቲን የሚጫወተው ልጅ ገጹን አገላብጦ፣ እኔ የምመልሰው እዚህ ላይ አልታተመም አለ። ደራሲው ራሱ ይሰጥሃል አልኩት። ዐሥራ ስምንት ሰው ወደ ኢዮስያስ ዞረ። ፕሮዲውሰሩ፣ ሰውየው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ያንጠለጥለናል እንግዲህ ብሎ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

ኢዮስያስ ገጹን አነበበ። ቀና ብሎ ፈለገኝ። አገኘኝ።

ብዕር አቀበልኩት።

ብዕሩን ከያዘ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው። መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። መብራት ባለሙያዎቹ ሻይ ጠጥተው ተመልሰዋል። ህሊና ቦታዋን ይዛ ቆማለች፤ ተቀመጪ ሲሏት ደህና ነኝ ትላለች። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ «አንድ መስመር ብቻ ነው እኮ» አለው።

ውሸት ሊጽፍ ይችላል። ግን የቴሌግራሙ ቡድን መልሱን ያውቃል፤ ከዚያ የተለየ ቃል ከናቲ አፍ ቢወጣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ስም ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ የሚመጣው ስም ትክክለኛው ይሆናል። እውነቱን ሊጽፍም ይችላል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል፤ ድንቅ ድርሰት ይባላል። ይባል። መስመሩ በማን ላይ እንደተፈረደ የምናውቅ በዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት ነን። አንባቢ ሆይ፣ ከአንተ ጋር ሦስት።

ተነስቶ ሊሄድም ይችላል። በሩ ክፍት ነው። በሩ ክፍት መሆኑን መዝግቤያለሁ።

ይቅር ልለው እየተዘጋጀሁ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ መልሶ ያንብብ።

አሁን ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። ወረቀቱን ልጁ ተቀበለው። ዳይሬክተሩ «ጸጥታ!» አለ።

14.

ክፍል ዐሥራ ሁለት። ትዕይንት ሠላሳ አንድ። ሳሎን። ቀን።

(የቤቱ ሰዎች ሁሉ አሉ። የናቲ አለቃም አለ። ማንም አይንቀሳቀስም።)

ረድኤት፦ ንድፉን የሠራው ማነው?

(ናቲ ይስቃል። አብሮት የሚስቅ የለም።)

ረድኤት፦ ጊዜ አለኝ።

ናቲ፦