ፍሬኑን ማን ይያዝልኝ

አይሆንም አልኩት እኮ፣ አጥፋው፣ ሁሉንም አጥፋው፣ ፍሬኑንም፣ መሪውንም፣ መንገዱ ላይ የሚሰመረውን አረንጓዴ መስመርም፣ ሮብሳን ግን ጆይስቲኩን ይዞ ቆሞ ያየኛል፣ ጋሽ መሸሻ፣ ያለ አሲስት እኮ ይከብዳል፣ ይላል፣ ለእኔ፣ ከነቀምት ደምቢዶሎ በአውቶብስ ስመላለስ ለኖርኩት ሰውዬ መንዳት ይከብዳል ይለኛል፣ ይሁን፣ በክፋት አይደለም። ደግ ነው። ሰዉ ሁሉ ኳስ ብቻ በሚጫወትበት ጌም ቤት ውስጥ ይህን መሪና ፔዳል አስመጥቶ ጥግ ላይ የተከለው እሱ ነው፣ ወንበሩንም ከአሮጌ ሚኒባስ ነቅሎ በብየዳ አሲዞታል፣ ስቀመጥበት ጀርባዬ ያውቀዋል። ከወዲያኛው ግድግዳ በኩል ጎል ገባ ብለው ይጯጯሃሉ። የነቀምት ጨለለቂ ሰፈር እሁድ እንዲህ ነው፣ እኔ ከቅዳሴ መጥቼ ምሳዬን በልቼ፣ ወዳጄ ኢዶሳ ከቸርቹ ወጥቶ፣ እዚህ እንገናኛለን።

አሲስት ማለት ማሽኑ አብሮህ ሲነዳ ነው። ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን ይይዝልሃል፣ መኪናው ሊንሸራተት ሲል መሪውን ያቃናልሃል፣ የት ላይ ቀዝቀዝ ማለት እንዳለብህ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ቀለም ቀብቶ ያሳይሃል፣ አረንጓዴ ከሆነ ሂድ፣ ቀይ ከሆነ ያዝ። እስከ ዛሬ ሁሉም እንደበራ ነው የተጫወትኩት። እንዲያውም የበራ መሆኑን አላስብም ነበር፣ አሸንፍ ነበር፣ ኢዶሳን እየቀደምኩ፣ ይሄው እግሬ ዳነ እያልኩ።

ዛሬ ግን ጨዋታ አይደለም። ይህን ሮብሳን አያውቅም፣ ኢዶሳም አያውቅም። ዓባይነሽ ከምሳ በፊት ደውላልኛለች፣ ባለ ሚኒባስ ናት፣ የአርጆ መስመር ላይ የምታሠራው መኪና አላት፣ ሹፌሯ ትቶባት ሄዷል፣ ጋሼ፣ እግርህ ደህና ሆኗል አሉኝ፣ ለሰው ከምሰጠው አንተ ያዘው፣ አለችኝ፣ ነገ ጠዋት መልስ እሰጥሻለሁ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ፣ ሰፈሬን ቡርቃ ጃቶን ከላይ እስከ ታች በእግሬ ዞርኩት፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እንደ ልጅ። የእኔን ስም ጠርታ መኪና ውሰድ የምትል ሴት። ከዚያ ነው ለራሴ የወሰንኩት፣ ምንም ነገር ሳይረዳኝ ሦስት ዙር ከመንገድ ሳልወጣ ከጨረስኩ፣ እሺ እላታለሁ። ካልጨረስኩ… እሱን አላሰብኩትም።

ለማሂ አልነገርኳትም። ለልጄ። ብነግራት ፊቷ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፣ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። መጀመሪያ እዚህ ያመጣችኝ እሷ ናት፣ ስትሮኩ ከመታኝ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ፣ ቤት ውስጥ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ብዬ ቀኝ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ፣ ስነካው ይሰማኛል፣ ሳዘው አይሰማኝም። በከዘራ ሄድኩ፣ ከዚያ ያለ ከዘራ። ሐኪሙ እግርህን አሠራው አለኝ፣ ማሂን ደግሞ የሥራ ባልደረባዋ፣ ሮብሳን ጌም ቤት መሪና ፔዳል አለ አላት፣ አባዬ ና፣ ፔዳል መርገጥም ስፖርት ነው አለችኝ፣ ሳቅኩባት። መጣሁ። አልቀረሁም።

ሁሉም ጠፋ፣ ይላል ሮብሳን። በል እንግዲህ።

ኢዶሳ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ተራውን እየጠበቀ፣ ጉልበቱ ላይ የቆሎ ፌስታል አድርጎ። ረዳቴ ነበር። ሰው ሲያየው አሁን አያምንም፣ የራሱ አይሱዙ አለው፣ በቆሎ ይጭናል፣ ሆዱም ወጥቷል፣ ያኔ ግን እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ በበሩ ተንጠልጥሎ ጊምቢ፣ ጊምቢ፣ ጊምቢ ሲል መናኸሪያው በሙሉ ይሰማው ነበር። አማርኛ ያስተማርኩት እኔ፣ ኦሮምኛዬን ያቃናው እሱ። እሱ አሲስቱን ሁሉ አብርቶ ነው የሚጫወተው፣ አያፍርም፣ ካለ ምናለበት ጋሼ፣ ይረዳኛ፣ ይላል፣ ቆሎውን እየቆረጠመ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ሂድ። ማርሽ፣ ማርሽ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ጥሩ፣ እጄ ጥሩ ነው፣ መሪው እንደ በሬ ይታገላል ግን እጄ ያውቃል፣ መስመሩ ስለጠፋ መንገዱ ራቁቱን ነው፣ እንዲህ ነው እንጂ መንገድ፣ ቀለም የተቀባ መንገድ የት አለ፣ ኩርባው መጣ፣ ቀኝ ነው፣ ታጣፊ ነው፣ አየሁት፣ ከሩቅ ነው ያየሁት፣ ያዝ፣ አልኩት እግሬን፣ ያዝኩ አለኝ፣ መኪናው ግን አልሰማም፣ ያዝ እንጂ፣ ያዝኩ፣ ከዚያ ፍሬኑ መጣ፣ አሁን መጣ፣ ካለፈ በኋላ፣ ሣር፣ አጥር፣ ስክሪኑ ተነቀነቀ።

እንደገና፣ አልኩት ሮብሳንን።

ፔዳሉ ጠንካራ ነው መሰለኝ። ወይ ወንበሩ ርቋል። ሮብሳን ወንበሩን አቀረበልኝ፣ ጫማዬንም አወለቅኩ፣ በካልሲ። እንደገና። ይህን ኩርባ አሁን አውቀዋለሁ፣ ቀደም ብዬ እይዛለሁ፣ ያዝ አልኩት ገና ከኩርባው በፊት ካለው ዛፍ ጋ፣ ያዝኩ አለኝ፣ አልያዘም፣ አየሁት፣ ዓይኔን ከመንገዱ አንስቼ ወደ ታች አየሁ፣ ሹፌር የማያደርገውን አደረግኩ፣ እግሬ ነዳጁ ላይ እንዳለ ነው። ተቀምጧል። እኔ አንስቼዋለሁ እላለሁ፣ እሱ ተቀምጧል። ከዚያ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

አጥር።

ኢዶሳ አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሎው እስኪያንቀው ይስቅ ነበር። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሮብሳን እንዳይሰማ በኦሮምኛ ጀመረና በአማርኛ ጨረሰው፣ ሚሊ ኬ፣ ጋሼ፣ እግርህ ይዘገያል። ዓይንህ ድሮ የነበረው ዓይን ነው፣ እግርህ ግን ይዘገያል።

ምን ያህል ጊዜ አይቶታል። እየቀደምኩት አይቶታል ማለት ነው፣ ማሽኑ እየያዘልኝ፣ እኔ እግሬ ዳነ እያልኩ ስኩራራ።

ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ ቁጣው አልመጣም። ዴዴሳ ነው የመጣብኝ፣ ቁልቁለቱ፣ ክረምት፣ ጭቃ አስፋልቱን ሞልቶት፣ የአውቶብሱ ፍሬን ግሎ ሽታው ውስጥ ድረስ እየገባ፣ ኢዶሳ በበሩ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ፣ ቀስ ጋሼ እያለ፣ እኔ የማላየውን የኋላ ጎማ እያየልኝ፣ ከዚያ ዘሎ ወርዶ ታኮ ሲያደርግ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ አቅፎ። ያኔ እኔ አፍሬ ነበር? ሰው ጎማዬ ሥር ድንጋይ ሲያደርግልኝ እኔ ሹፌር ነኝ አያስፈልገኝም ብዬ ነበር? አላልኩም። አንድም ቀን። ረዳት የሌለው አውቶብስ ከመናኸሪያ አይወጣም ነበር። እንግዲህ ማሽን ሲሆን ነው የሚያሳፍረኝ።

ግን ልክ አይደለም፣ አንድ አይደለም። ኢዶሳ ሱታ ሲለኝ ፍሬኑን የምይዘው እኔ ነበርኩ። እሱ ያያል፣ እኔ እይዛለሁ። እዚህ ግን እኔ አየሁ፣ ማሽኑ ያዘ። የአርጆ መንገድ ላይ ደግሞ ማንም አይይዝልኝም፣ የዓባይነሽ ሚኒባስ ውስጥ ያለው አንድ ፍሬን ነው፣ የሚረግጠውም አንድ እግር ነው፣ ይኼ። ካልሲው የተቀደደው።

ላብራልህ፣ ይላል ሮብሳን። ቀስ ብሎ ነው የሚለው፣ በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው። ፍሬኑን ብቻ፣ አልኩት። መስመሩስ? መስመሩ ይቅር፣ መንገዱን ማየት እችላለሁ። መሪውስ? መሪውንም ተው፣ እጅ አለኝ። ፍሬኑን ብቻ። ራሱን ነቀነቀ፣ ገብቶታል፣ ወይም አልገባውም፣ ጆይስቲኩን ጠቅ ጠቅ አደረገ።

ነዳሁ። ኩርባው ጋ ስደርስ ያዝ አልኩት እግሬን፣ መኪናው ያዘ፣ እግሬ በኋላ ደረሰ፣ ደርሶ ፔዳሉ ላይ ዐረፈ፣ እንደሠራ ሰው። በደንብ አየሁት። መሪውን እኔ አዞርኩ፣ የኋላው ሲንሸራተት እኔ መለስኩት፣ ዙሩን ጨረስኩ፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን አቆምኩትና ስልኬን አወጣሁ።

እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ምን አስጠበቀኝ።

ዓባይነሽ ቶሎ አነሳች። ጋሼ፣ አካም ጂርታ፣ አለች፣ ደህና ነኝ አልኳት፣ መኪናውን ለሌላ ሰው ስጪው፣ እግሬ ፍሬን ላይ ይዘገያል። እንዲሁ አልኳት። ሳስበው ከባድ ቃል ነበር፣ ሲወጣ ግን ቀላል ቃል ሆነ፣ ጎማው ተንፍሷል እንደማለት። የሷ ቤት ቴሌቪዥን ይሰማኛል፣ ከዚያ ቶሌ፣ እሺ ጋሼ፣ ስለነገርከኝ ጌታ ይባርክህ፣ አለች፣ ልጆቼም በዚያ መኪና ነው አርጆ የሚሄዱት። ይህን አላውቅም ነበር። ስልኩን ዘጋሁ።

ኢዶሳ ሰምቷል። ወደ እኔ አላየም፣ ፌስታሉን አነሣና ቆሎውን ወደ እጄ አፈሰሰልኝ፣ ብዙ፣ ከመዳፌ እስኪፈስ። ዓይኑ ቀልቷል። የእኔ ደረቅ ነው። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ይመጣ ይሆናል፣ ማታ ለማሂ ስነግራት። እነግራታለሁ። ሳህኑን ሳታነሳ በፊት።

አንድ ዙር ልጨምርልህ፣ ይላል ሮብሳን። ኢዶሳ ተራው ነው፣ ኢዶሳ ግን ተቀመጥ ይለኛል በእጁ።

እሺ። ዝናብ አድርገው፣ አልኩት። ዝናብ? ዝናብ፣ ከባዱን። አደረገው፣ መስታወቱ ላይ ውሃ መጣ፣ መጥረጊያው ተነሣ፣ መንገዱ አበራ፣ እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ እግሬን ሰብሰብ አድርጌ በቀስታ ልወጣ ስል ወደ ስፖኪዮው አየሁ፣ የኋላውን ለማየት፣ ሰዎቹን፣ ሁልጊዜ ከመነሳቴ በፊት አያቸዋለሁ፣ እናት፣ ሽማግሌ፣ ዶሮ የያዘ ሰው፣ የሚተኛ ተማሪ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ባዶ መኪና ነድቼ አላውቅም። እዚህ የለም። ማንም የለም። አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም የእኔ ነው፣ ብወጣ ሣር ነው፣ ብገለበጥ ሮብሳን ያነሳኛል፣ ስንት ዓመት እኮ ይህን ፈልጌ ነበር፣ ዴዴሳ ሜዳው ላይ ስደርስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እስከ ወለሉ ረግጬ ለማየት፣ ተሳፋሪ አለ እያልኩ ሳልረግጠው ያለፍኩትን፣ እግሬ ለነዳጅ አይዘገይም፣ ይኼው ተኝቶበታል፣ ርገጥ አልኩት፣ ረገጠ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ኢዶሳ ኧረ ጋሼ ይላል፣ ዝናቡ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ከፊቴ ያለው መኪና ቀይ መብራቱን አበራ፣ ፈራ፣ እኔ አልያዝኩም፣ በግራው ነው፣ በግራው እገባለሁ