የሚለካው በሰፊው ጫፍ ነው

«እዚህ ላይ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ ሙሴ ማቴ፣ መሳቢያው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በጣቱ እየነካ።

ቁጥሩ አሥራ ስድስት መሆኑን አውቃለሁ። ከቁጥሩ በፊት ያሉትን ቃላት ግን ማንበብ አልችልም ነበር።

በስዊዘርላንዷ ላ ሾ ደ ፎን ከተማ ውስጥ፣ የቆዳ የሰዓት ማሰሪያ በሚሰፋበት ወርክሾፕ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከሠራነው ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ናሙና እናስቀራለን። የአዞው፣ የጥጃው፣ የእንሽላሊቱ፣ ሁሉም በየመሳቢያው በእኔ እጅ ነው። አንድ የሰዓት ፋብሪካ የዱሮውን ማሰሪያ እንደገና ሥሩልኝ ሲል ናሙናውን በመዳሰስ ፈልጌ አወጣለሁ። የሚጻፍ ነገር ሲመጣ አጠገቤ የምትሰፋው ኦዴት ዝም ብላ ትጽፍልኝ ነበር።

ሙሴ ማቴ፣ በፈረንሳይኛው አቶ ማቴ ማለት ነው፣ አዲሱ አለቃችን ነው፤ ከብረት ማሰሪያ ፋብሪካ ነው የመጣው። ቅዳሜና እሁድ ብቻውን ገብቶ ናሙናዎቹን ለክቶ፣ በማሽን የታተመ መለያ ለጥፎ ሰኞ ጠበቀን። እኔ የእንሽላሊቱን ማሰሪያ በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ሃያ ሚሊሜትር ነው፤ መለያው ላይ ያለው ግን አሥራ ስድስት። «ይሄ ልክ አይደለም» አልኳት ኦዴትን። ሰማኝና ነው የጠየቀኝ።

የቆዳ ማሰሪያ በሰዓቱ በኩል ሰፊ ነው፣ ወደ ዘለበቱ ሲሄድ ይጠባል። እኛ የምንለካው በሰፊው ጫፍ ነው። ግን ቃላቱ «በዘለበቱ በኩል» የሚሉ ከሆነስ? ያኔ እሱ ልክ ነው፣ እኔ መሳቂያ ነኝ።

«መነጽሬን ረስቼ ነው» አልኩት። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

«እንግዲያው ማዳም፣ እስከ አርብ መነጽርዎን ይፈልጉ። አለዚያ መሳቢያዎቹን ለሚያነብ ሰው እሰጣለሁ፣ እርስዎ ወደ ማሸጊያ ክፍል ይሄዳሉ።»

ማሸጊያ ክፍል የሚሠራው በፈረቃ ነው። ልጄን ሶሌንን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበላታል? ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሌላ ሰው የለንም።

በሦስት ሰዓቱ እረፍት ዳቦና ሶሴጅ እየበላን ኦዴት «ምን ያስጨንቅሻል? አንብቤ በጆሮሽ ሹክ እልሻለሁ» አለችኝ።

«አይሆንም።»

«እልኸኛ።»

«በሰኔ ጡረታ ስትወጪ ማን ሹክ ሊለኝ ነው? ሙሴ ማቴ?»

«እሱማ ጆሮሽን ለክቶ ቁጥር ይለጥፍበታል።»

ከመስከረም ጀምሮ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ትምህርት ቤቱ ሶሌንን እስከ ምሽት ስለሚያቆይልኝ፣ ከሥራ በኋላ የአዋቂዎች ትምህርት እሄድ ነበር። ለሶሌን ስፌት እማራለሁ ብያታለሁ። የዚያን ሳምንት አንዱን መለያ ከመሳቢያው ልጬ ይዤው ሄድኩ። አስተማሪዬ ስለ ጥንቸል የሚያወራ ጽሑፍ አዘጋጅታ ነበር።

«ጥንቸሉ ይቆየኝ» አልኳት። «እኔ የምፈልገው ይህን ነው።»

ፊደል በፊደል ለቀምኩት። «እንሽላሊት። ስፋት በሰዓቱ በኩል።» እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰውየው የለካው በዘለበቱ በኩል ነው። እሱ በመጣበት ፋብሪካ የሚሠራው የብረት ማሰሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፣ የትም ቢለካ ያው ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ልጆች ትምህርት የላቸውም፣ እኔም ሥራ አልገባም። ሶሌን ፊት፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ቆርጬ መጻፍ ጀመርኩ።

«ስፌት አይደለም የምማረው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ደብተርሽን አይቼዋለሁ» አለችና መቀሱን ተቀበለችኝ።

እስኪመሽ፣ በጣቴ የማውቀውን ስፋት እያስገባሁ፣ የአርባ መሳቢያ መለያ ጻፍኩ። ሐሙስ ሌሎቹ ምሳ ሲሄዱ ከእሱ መለያዎች በላይ ለጠፍኳቸው።

አርብ ጠዋት መጥቶ አያቸው።

«ይሄን ማን ፈቀደ?»

«ማንም።»

«ይንቀሉት።»

«አልነቅልም።» የእሱን መለያ ጮክ ብዬ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩለት፤ ቀጥዬም የማሰሪያ መግቢያው አሥራ ስድስት የሆነ ሰዓት ከእንሽላሊቱ ማሰሪያ ጋር ሰጠሁት። «እንግዲህ ይግጠሙት፣ ሙሴ።»

ሞከረ። አዙሮም ሞከረ። አልገባም።

«ቆዳው አብጦ ይሆናል» አለ።

«አርባ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ምን በልቶ ያብጣል?» አለች ኦዴት ከመርፌዋ ቀና ሳትል። ሴቶቹ ሳቁ።

«ጽሕፈትዎ አስቀያሚ ነው።»

«አስቀያሚ ነው። ቁጥሩ ግን ልክ ነው። ማሸጊያ ክፍልም አልሄድም።»

ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የቀሩትን እስከ ወሩ መጨረሻ ይጨርሱ። ቢያንስ ቀጥ አድርገው ይለጥፏቸው።»

የቀሩትንም እንደ መጀመሪያዎቹ አጣምሜ ለጠፍኳቸው።

ኦዴት በሰኔ ጡረታ ወጥታ ሄደች። ሙሴ ማቴ ዛሬም አለቃችን ነው። እኔም መሳቢያዎቹ ጋ ነኝ።