ፈጣን ፎርማት

ሰበታ ውስጥ ሚሞሪ በመጫን የወይንሐረግን የሚቀድም አልነበረም፤ ይህንንም ራሷ ለማንም ሳታፍር ትናገር ነበር። በ2008 የካቲት፣ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ቢባልም፣ ተቃውሞው ገና አልበረደም። የጅማ መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ የስልክ ኢንተርኔትም ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዘፈን የፈለገም መዝሙር የፈለገም መሄጃው እሷ ሱቅ ሆነ። ወረፋው እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ይደርስ ነበር።

ፍጥነቷ አስማት አልነበረም። ሌሎቹ ከኮምፒውተሩ ፊት ሲሰኩ እሷ ከኋላው ትሰካለች፤ የኋላው ይፈጥናል። ሌሎቹ በሞላው ሚሞሪ ላይ አንድ በአንድ እየሰረዙ ቦታ ሲፈልጉ፣ እሷ መጀመሪያውኑ ፎርማት አድርጋ ታጸዳዋለች። ሚሞሪ ሲጨናነቅ ይንቀራፈፋል፤ ባዶ ሲሆን ይበርራል። የሱቁ ደንብም የታወቀ ነበር፦ ጠረጴዛው ላይ ባለችው ሳህን ውስጥ የገባ ሚሞሪ ሁሉ ይጸዳል። ደንበኛ የሚፈልገውን ነገር አውጥቶ ነው የሚመጣው።

ኦቦ ኢቲቻ ግን ደንበኛ አልነበሩም። ገበሬ ናቸው፣ ከዓለም ገና ወዲያ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መጥተው ከመሐረባቸው ጫፍ አንዲት ሚሞሪ ፈቱ።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ» አለች የወይንሐረግ።

«ፈያ። ይቺ የልጄ የለሚ ነች፤ ከስልኩ ያወጣኋት። ውስጧ ሠርግ አለ። መርማሪው ኮምፒውተር ላይ ይነሳል፣ ይቆማል። ‹አስተካክለው እስከ ስምንት ሰዓት ያምጡ› አለኝ። የምታፈጥነው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

ለሚ ከታሰረ ሃያ ስድስት ቀኑ ነበር። ዓለም ገና መንገድ ላይ የጭነት መኪና አቃጥሏል ተብሎ ነው። አባትየው ግን ልጁ በዚያ ቀን ከዘመድ ሠርግ ንቅንቅ አላለም ብለው ጣቢያ ሄደው ምለዋል። እህቱ አያንቱ በገዛ ስልኩ ሲጨፍር ቀርጻዋለች። ማስረጃቸው ይኸው ነው፤ ሌላ የላቸውም።

የሚሠራው ቀላል ነበር፦ ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ፣ ሚሞሪውን ማጽዳት፣ መልሶ መጫን። የወይንሐረግም ይህንኑ አሰበች። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ፊልም እያለ ይጮኽባት ነበርና እጇ ሚሞሪዋን ሳህኑ ውስጥ ጣለቻት። ከሳህኑ ያነሳ እጅ ደግሞ አይጠይቅም። ሰካች፤ ፎርማት አደረገች። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም።

ከዚያ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየች፤ የማንን ሚሞሪ እንዳጸዳች ገባት።

በዚህ ሥራ ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀ መልስ አለ፤ «ቫይረስ በልቶታል» ይባላል፣ ሰውም ያምናል። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የሽማግሌውን መሐረብ ስታይ አፈረች።

«ኦቦ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በስህተት።»

ኦቦ ኢቲቻ አልጮኹም። «ሌላ የለንም እኮ» አሉ፣ ዝግ ብለው።

ወረፋውን በተነች፤ በሩንም ገርበብ አደረገችው። ሚሞሪ እንደ መጽሐፍ ነው፤ ፈጣኑ ፎርማት የሚቀድደው ማውጫውን ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ገጾቹ እዚያው አሉ። ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ከፈተች። ፕሮግራሙ ግን ጥግ ጥጉን እየዳበሰ ነው የሚሄደው፤ እሱን ማጣደፍ አይቻልም። ሁለት ሰዓት ተኩል ጎን ለጎን ተቀምጠው የስክሪኑን ቁጥር ሲያዩ ቆዩ።

ሠርጉ ወጣ። ኦቦ ኢቲቻ «ገለቶሚ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ከሥሩ ግን ሌላ ቪዲዮ ነበር፣ እሷ ያላጠፋችው፤ በሠርጉ ቀን ተቀርጾ ቀድሞውኑ የተሰረዘ ነው። ሳታስብ ከፈተችው።

መንገድ። ጎማ እየነደደ ነው፤ የጭነት መኪናው ጋቢና ይጨሳል። ስልኩን የያዘው ልጅ በኦሮምኛ ይጮኻል፦ «ተዉ! ሹፌሩ ውስጥ ነው! አውጡት፣ ሰው ነው!» ስዕሉ ተንቀጠቀጠ፤ ሩጫ ሆነ፤ በመጨረሻ አንድ ሰውዬ እያሳለ ከጋቢናው ሲጎተት ታየ።

«ኢልማ ኮ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። የልጃቸው ድምፅ ነው። ከሠርጉ ወጥቶ ነበር ማለት ነው፤ የማሉትም በሐሰት ነው።

የወይንሐረግ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። «ኦቦ፣ ይሄ ከሠርጉም ይበልጣል! አላቃጠለም፤ ሰው ነው ያተረፈው። ይሄን ይውሰዱላቸው፣ ዛሬውኑ ይፈቱታል።»

«መልሽው እስቲ» አሉ። መለሰችው። «እዚህ ጋ አቁሚው።»

ቆመ። ጀሪካን የያዙ አራት ልጆች ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኦቦ ኢቲቻ ጣታቸውን ወደ አንደኛው አስጠጉ። «ይሄ የወንድሜ ልጅ ነው። ይሄኛው የጎረቤቴ።» የተቀሩትን ሁለቱን የወይንሐረግም ታውቃቸዋለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ፊልም ያስጭናሉ።

ለሚ ነጻ የሚያወጣው ነገር በእጁ ነበረ፤ ልጆቹን ላለማስያዝ ሲል ግን ከመታሰሩ በፊት አጥፍቶት ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። የወይንሐረግ ይህ ሲገባት ደስታዋ ሁሉ ሟሟ።

«ይሄን ቢያሳዩአቸው አሁንም ሊፈታ ይችላል እኮ፣ ኦቦ» አለች፣ የመጨረሻ ሙከራ።

«እሱ ያጠፋውን እኔ አላወጣም» አሉ። «ሠርጉን ብቻ ጫኚልኝ። ይሄን ማንም እንዳያገኘው አድርገሽ አጥፊው። ይቻላል?»

«ይቻላል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ።»

«እሺ። ከማጥፋትሽ በፊት ግን ድምፁን ብቻ አሰሚኝ። ስዕሉን አልፈልግም።»

ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞረችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ኦቦ ኢቲቻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። ሁለት ጊዜ ሰሙት። በሦስተኛው፣ ልጁ «ሰው ነው» ከሚለው ላይ ሲደርስ፣ እጃቸውን አነሱ።

«በቃ» አሉ። «አጥፊው።»